ቁም ጸሐፊውና የበልጉ መደብ

በጉና ተራራ ሥር፣ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ፣ አንድ ቁም ጸሐፊ ነበር። እጁ በአገሩ የተመሰከረለት ነው፤ ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ መስመሩ ያልተዛነፈ፣ ሕዳጉ ንጹሕ። ብራናውን ራሱ ይፍቃል፣ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፣ ብዕሩን ከመቃ ራሱ ይቀርጻል። ጓሮው ግን የሚስቱ ነበር። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ጤና አዳምና በሶብላ ሳይቀር በእሷ እጅ የሚለማ ነው። እሱ ስለ ጓሮው የሚያውቀው በሞሰብ የሚቀርብለትን ያህል ነበር።

አንድ ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የሚስቱ እናት መታመማቸውን የሚናገር መልእክት ከጋይንት መጣ። ሚስቱም ልጆቿን ይዛ እናቷን ልታስታምም ተነሣች። ስትወጣ ከጓዳው ጥግ በቅርጫት የተቀመጠውን የድንች ዘርና በጨርቅ የተቋጠረውን የጎመን ዘር አሳየችው። «አደራ፣ በልጉ ጠብ ሲል እንዳያሳልፉት» አለችው። እሱም «በሰላም ግቢ፣ ስለ ጓሮው አታስቢ» ብሎ ሸኛት።

በዚያው ሰሞን አንድ ባለጸጋ መጣና ዳዊት እንዲጽፍለት ተዋዋለው። ለደብረ ታቦር በዓል፣ ለነሐሴ 13፣ ለደብሩ ሊያገባው የተሳለው ስለት ነው። ዳዊት ደግሞ 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም፤ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረው ይጻፋሉ። ሥራው የብዙ ወር ነው።

ቁም ጸሐፊው በስንፍና አይደለም ችግር ላይ የወደቀው። ይህ ይታወቅለት። የፍየል ሌጦ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና የሚሆነው ፀሐይ ሲገኝ ነው። ሐምሌ ላይ በፋርጣ ደጋ ጉሙ ከደጃፍ አይነሣም፤ ቆዳው አይደርቅም፣ የተጻፈው ቶሎ አይጠጣም፣ ጎጆ ውስጥ ፊደል የሚለይ ብርሃን የለም። ስለዚህ የጸሐፊ ዋናው ወቅት ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እስከ ግንቦት ነው። በልጉም የሚመጣው በዚያው ውስጥ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ በልግ እምነት የሚጣልበት ዝናብ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሰጥቶ ሦስት ሳምንት ሊነሣ ይችላል፤ ሲመጣ ካልተቀበሉት ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ከዓመቱ ወራት የጸሐፊው እጅና የአትክልተኛው እጅ እኩል የሚፈለጉት ያን ጊዜ ነው፤ እጁ ደግሞ የአንድ ሰው ነው።

ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ ለዳዊቱ ሰጠ። ማለዳ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ጀንበር እስክትጠልቅ አይነሣም። ከስማዳ የመጣ አንድ ተማሪ አብሮት ይኖር ነበር። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሌሊቱን አፈሩን ያራሰ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ተማሪው ከደጅ ገባና «የኔታ፣ በልጉ ገባ እኮ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መደብ እየቆፈረ ነው» አለ።

«ይህችን ጥራዝ ልጨርስና» አለ ጸሐፊው።

ጥራዟ አለቀች። ሌላ ጥራዝ ተጀመረች። ዝናቡ ጥቂት ቀን ደጋግሞ ጣለና ቆመ። በቅርጫት ያለው ድንች አቆጠቆጠ፤ ቡቃያው ብርሃን አጥቶ ነጭና ቀጭን ሆኖ ረዘመ። ተማሪው በየማለዳው ቅርጫቱን አይቶ ይመለሳል፤ ዳግመኛ ግን አልተናገረም። የኔታን በአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማሳሰብ ድፍረት ነው።

እንዲህ ሲል 135ኛው መዝሙር ላይ ደረሰ። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ሐረግ በየቁጥሩ መጨረሻ ይመላለሳል። ለሚጸልይ ሰው ማረፊያ ነው፤ ለሚገለብጥ ሰው ግን አደገኛ ነው። ዓይን ከምንጩ መጽሐፍ ወደ ብራናው ሄዶ ሲመለስ ያንኑ ሐረግ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል፤ በመካከል ያለው ይዘለላል፤ ጸሐፊውም የዘለለው አይመስለውም። ማታ ተማሪው ከምንጩ ጋር ሲያመሳክር ሦስት ቁጥር ጎደለ። በብራና ላይ የጎደለ ነገር ወይ በሕዳግ ይገባል፣ ወይ ገጹ ይፋቃል። ጸሐፊው በሕዳግ ማስገባቱን ስላፈረበት ቢላውን አንሥቶ መፋቅ ጀመረ። ሲፍቅ ብራናው ሳሳ፤ አንድ ቦታ ላይም ተበሳ።

በማግስቱ ብዕሩን አስቀምጦ ዶማ አነሣ። ሌሊቱን እንደገና ዘንቦ አፈሩ ጭቃ ነበር። ሚስቱ በየዓመቱ የምታለማው ዐሥራ ሁለት መደብ ነው፤ እሱም ዐሥራ ሁለቱን በአንድ ቀን ሊገለብጥ ተነሣ። እርጥብ አፈር በዶማ ሲመታ አይፈርስም፤ ይጠፈጠፋል፣ ሲደርቅም ጓል ይሆናል። ስድስቱን እንደ ቆፈረ መዳፉ ተላጠ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ብራናው ላይ ሲቀመጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ «ለ» እንኳ ቀጥ አድርጎ መጻፍ ተሳነው። ጓሮውም ገጹም ተበላሽቶበት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

በደብሩ ቅጥር ውስጥ የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። ጥጥ ይፈትላሉ፤ ከጎጇቸው ጀርባም ሦስት የጎመን መደብ አሏቸው። ዐቢይ ጾምን የሚጾሙት፣ አኮፋዳቸውን ይዘው ለሚመጡ ተማሪዎችም ወጥ የሚሠሩት ከዚያች ነው። የሆነውን ከተማሪው ሰሙና አንድ እቅፍ ጎመን ይዘው መጡ። ጸሐፊው ሊነሣላቸው ሲል «በእግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ደጅ የተወጠረውን ሌጦ በእጃቸው ዳሰሱ።

«ይህ ምን ይጠብቃል?»

«እስኪደርቅ ነው፣ እማሆይ።»

«በገንቦው ያለው ቀለምስ?»

«እስኪብላላ ነው። እሱ ወራት ይፈልጋል፤ ዘንድሮ የበጠበጥኩት ለከርሞ ነው።»

«አሁን የጻፍከው ገጽስ?»

«እስኪጠጣ።»

መነኩሲቷ ወደ ጓሮው ዞረው ጓሉን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት። «ይህ አፈርስ?»

ጸሐፊው ዝም አለ።

«እሱም ይጠብቅ ነበር፤ ውኃው እስኪሰርግ አንድ ሁለት ቀን። አንተ ነህ ያልጠበቅከው። ልጄ፣ ሁለቱም ሥራዎችህ ከሚያሠሩህ ይልቅ የሚያስጠብቁህ ይበዛል። ብራናው ሲያስጠብቅህ ሌላ ብራና ታነሣለህ፤ ዓይንህ የሚፈዘው ለዚህ ነው። አፈሩ ሲያስጠብቅህ ደግሞ በግድ ትቆፍረዋለህ። አንዱ ሲያስጠብቅህ ወደ ሌላው ሂድ።»

«ዐሥራ ሁለት መደብ ነው እኮ፣ እማሆይ።»

«ዐሥራ ሁለቱ የእሷ ናቸው። አንተን ሦስት ይበቃሃል።»

ጎመኑን ለተማሪው ሰጥተው ሄዱ።

ጸሐፊው በማግስቱ አዲስ ሌጦ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈ። ሌጦ ሲዘፈዘፍ ለቀናት የሚነካ ሥራ የለውም። በእነዚያ ቀናት፣ አፈሩ ጠፈፍ ሲል፣ ጓሉን ከሰከሰ፣ ሦስቱን መደቦች እንደገና ቆፈረ፣ ፍግ አለበሳቸው፣ በሁለቱ ድንች ተከለ፤ በዳር በኩል ባለች ትንሽ መሬት ላይም የጎመን ዘር በተነ። እጁ ቢንቀጠቀጥ አልገደደውም፤ የሚጻፍበት ብራና ገና ውኃ ውስጥ ነው። ሌጦው ወጥቶ፣ ተወጥሮና ተፍቆ እስኪደርቅ ድረስ እጁ ዐረፈ። የተረፈውን የድንች ዘር ለጎረቤት ሰጠ፤ ምርቱን ሊካፈሉ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ሥርዓት ያዘ። ጠዋት እጁ ሳይደክም ይጽፋል፤ ቀትር ላይ ይነሣል። ከባዱን ሥራ ሁሉ ከጽሕፈቱ በኋላ አደረገው እንጂ በፊት አላደረገውም፤ ዶማ የያዘ እጅ በዚያው ቀን ብዕር እንደማይታዘዝለት አይቷልና። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከያዘው ጎጆው ውስጥ ሆኖ በወስፌ ብራና ያሰምራል፤ ለነገ የሚጻፍበትን ያሰናዳል። ዝናብ ከሌለ ይኮተኩታል፣ በምንጩ ውኃ ያጠጣል። ማታ ተማሪው ሲያመሳክር የሚጎድል ቁጥር እያነሰ፣ በኋላም እየጠፋ መጣ።

ሁለቱ ሥራዎች የተጋጩበት ቀን ግን አልጠፋም። ግንቦት መግቢያ ላይ የጎመኑ ችግኝ አራት አምስት ቅጠል አውጥቶ ለመነቀል ደርሷል፤ ዝናቡ ግን ከቆመ ሰነባብቷል። አንድ ጠዋት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ጸሐፊው በጽሕፈቱ መካከል ሳለ ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ጀመረ። ተማሪው በሩ ላይ ቆመ፤ አልተናገረም። ጸሐፊው የያዘውን መስመር ጨረሰ፤ ብዕሩን ጠርጎ አስቀመጠና ወጣ። እስከ ማታ ሁለቱ ሆነው ችግኙን ሁሉ ተከሉት። ገጹ ግማሽ ሆኖ አደረ፤ በማግስቱም ካቆመበት ቃል ቀጠለው። በተቃራኒው ደግሞ ሰኔ ላይ ጸሎተ ነቢያትን ሲጽፍ አንድ ሙሉ ሳምንት ወደ ጓሮው አልወጣም፤ ክረምቱ ሳይዘጋበት ያለችውን ፀሐይ ሊጠቀምባት ፈለገ። በዚያች ሳምንት አንዱን የድንች መደብ አረም ዋጠው። ያን መደብ ማጣቱን ዐውቆ ነው የተወው።

ድንቹ እንደ ጎመኑ የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። ዛሬ የፋርጣና የጋይንት ደጋ ያለ ድንች አይታሰብም፤ ነገር ግን ዘግይቶ ተተክሎ የክረምቱ ጉምና እርጥበት ሲደርስበት ቅጠሉ እየጠቆረ ይረግፋል። የጸሐፊውም እንዲሁ ሆነ። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ መጥቆር ሲጀምር ሳይውል ሳያድር ቆፍሮ ትንንሹን ድንች አወጣ። ጎመኑ ግን አማረ።

ሚስቱ እናቷ ድነውላት በሐምሌ ተመለሰች። ጓሮውን ዞራ አየችና «የቀሩት ዘጠኙስ?» አለችው።

«ያንቺን እጅ ነው የሚጠብቁት» አላት።

ዳዊቱ ለነሐሴ 13 አልደረሰም። ክረምቱ ገባ፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች በምድጃ ዳር እየደረቁ ቀስ ብለው ተጻፉ፤ መጽሐፉ ተደጉሶ ለደብሩ የገባው ለመስቀል ነው። ባለጸጋው አጉረመረመ። ነገር ግን መምህራኑ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው የዘለለ ቁጥር አላገኙበትም፤ ከዚያ በኋላ ባለስለቱ ቅሬታ አላነሣም።

ምሳሌው ይህ ነው። የምናገረው በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ ልብ ወለድ ለሚጽፈው መምህር፣ ግጥም ለምትጽፈው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ቅኔ ለሚዘርፈው ዲያቆን። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና አለ፤ ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። በዚህ አገር ጓሮ ያለው ቤት ብዙ ነው። የሚጽፍ ሰውም መጋቢት ሲገባ ራሱን ይጠይቃል፤ ዶማውን ባነሣ ጽሕፈቴ ይቆማል? ጽሕፈቴን ብይዝ ጓሮዬ ጦም ያድራል?

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ ለጓሮ የሚሰጠው ሰዓት ከጽሕፈት የተሰረቀ አይደለም። ቁም ጸሐፊው ሦስቱን ቁጥር የዘለለው በልጉ ገብቶ ሳለ ከጓሮው ርቆ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ብራና የሚጽፍ ሰው ዕቃው ራሱ ያሳርፈው ነበር፤ ሌጦው፣ ቀለሙ፣ የክረምቱ ጨለማ በግድ ከጽሕፈቱ ያስነሡት ነበር። የዛሬ ጸሐፊ የሚያሳርፈው ዕቃ የለውም። ኮምፒውተሩም ስልኩም ሌሊትም ቀንም ዝግጁ ናቸው፤ የጻፈውን ሳያሳድር እዚያው ያርመዋል፣ ዓይኑ በለመደው ስሕተት ላይ መቶ ጊዜ ያልፋል። እንዲህ ላለ ሰው በልጉ በጎ ነገር ነው። ችግኝ የሚተከልበት ቀን ሲመጣ ረቂቁን ለማሳደር ይገደዳል፤ ላደረ ረቂቅ ደግሞ የማግስቱ ዓይን ይተርፈዋል።

ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ራሱ ታሪክ አለው። የፎገራው ናባጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በአብዛኛው የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው፤ ሊቅነታቸው ግን ከቀልዳቸው ይበልጣል። በጣና ዳር የሚወዛወዘውን ደንገልና ሸምበቆ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ፣ ለልጃቸው ለተክሌም እንዳስተማሩት ይነገራል። የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይህ ነው፤ ዋና ማስመስከሪያውም ደብረ ታቦር ነው። ያን እንቅስቃሴ ለማየት ከመጽሐፉ ቀና ማለት ነበረባቸው።

ከሩቅ አገርም ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1892 ከሞስኮ በስተ ደቡብ ሜሊኾቮ የምትባል ርስት ገዝቶ ዛፍና አበባ በገዛ እጁ ይተክል ነበር፤ በግቢው ባሠራት ትንሽ ቤት ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1895 ከታወቁት ተውኔቶቹ አንዱን ጻፈ። ይህን የሚያነሡ ሁሉ ግን የሚያልፉት ነገር አለ፤ የጎመኑንና የድንቹን መደብ የምትመራው እህቱ ማሪያ ነበረች።

ወደ ቁም ጸሐፊው ጓሮ የሚመልሰኝም ይህ ነው። ያ ሰው ለዓመታት ይህ ጥያቄ ያልደረሰበት ሚስቱ ዐሥራ ሁለት መደብ ታለማ ስለነበረ ነው። ጋይንት በሄደች ጊዜ ነው ጽሕፈቱ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ የታየው። በየቤታችን ጓሮና ጽሕፈት «ተስማምተው» የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ሴት ጉልበት ነው፤ እሷ ራሷ የምትጽፈው ነገር እንዳላት የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። እማሆይም «ዐሥራ ሁለቱ የእሷ ናቸው» ሲሉ ያሰቡት መጠኑን ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ የምትጽፉ ሁሉ፣ ዘንድሮ በልጉ ሲገባ ብዕራችሁን አታስቀምጡ፤ ጓሯችሁንም ለሌላ አትተዉት። የምትችሉትን ሁለት ወይም ሦስት መደብ ያዙ፤ ጠዋቱን ጻፉ፣ ከሰዓት በኋላ ቆፍሩ፤ ዝናብ የጣለ ቀን አፈሩ ጠፈፍ እስኪል ረቂቃችሁን አንብቡ። እናንተ ወንዶች ደግሞ ሚስታችሁ ወይም እህታችሁ የምትጽፍ ከሆነ መደቡን ተካፈሏትና ጠዋቱን ለእሷም ልቀቁላት።